ቁናው ነው የተለወጠው ወይስ እህሉ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ ዳታ፣ ኢኮኖሚክስና ፖሊሲ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከደሴ እስከ ሪያድ የመጡ ናቸው። ርዕሳቸው ይለያይ እንጂ ቅሬታቸው አንድ ነው፦ የወጣው ቁጥር ከምናየው ኑሮ ወይም ከራሳችን ስሌት ጋር አልገጠመም። አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም፤ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማሳሰቢያው ለወግ የገባ እንዳልሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታያል።

ጥያቄ፦ የዓለም ባንክ ሰኔ 2025 ላይ የከፋ ድህነት ወለሉን በቀን ከ2.15 ዶላር ወደ 3 ዶላር አሳደገ ሲባል ሰማሁ። ታዲያ በአንድ ቀን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው ደኸየ ማለት ነው? ደግሞ 3 ዶላር በባንክ ምንዛሬ ወደ 400 ብር ይጠጋል። በቀን ለአንድ ሰው 400 ብር የማያወጣ ሁሉ ድሃ ከተባለ እኛ ሰፈር ድሃ ያልሆነ አላውቅም። (መምህር፣ ደሴ)

መልስ፦ በዚያ ቀን ማንም አልደኸየም፤ የተለወጠው ቁናው ነው። ለምሳሌ የ2022 ግምት በአሮጌው ወለል 713 ሚሊዮን ሰው ነበር፤ በአዲሱ 838 ሚሊዮን ሆነ። ዓመቱ ያው፣ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ የድሮውን ቁጥር ለመነሻ፣ አዲሱን ለመድረሻ ወስዶ «ድህነት ጨመረ» ካለዎት ያስቀምጡት። ባንኩ ወለሉን በለወጠ ቁጥር ወደኋላ እስከ 1990 ያለውን ሁሉ በአዲሱ መስፈሪያ እንደገና ይሰፍራል። ማነጻጸር የሚቻለውም በዚያ በአንዱ መስፈሪያ ብቻ ነው።

ወለሉ ከየት ይመጣል? የድሃ ሀገሮች መንግሥታት ለራሳቸው ያወጧቸው ብሔራዊ የድህነት ወለሎች ይሰበሰቡና ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረው መካከለኛው ይወሰዳል። የ2025ቱ ጭማሪ ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛው አዲስ የዋጋ ንጽጽር ነው (የ2021 ዋጋ የ2017ን ተክቷል)። ሁለተኛውና ከበድ ያለው፣ በርካታ ሀገሮች የቤተሰብ ፍጆታ መጠይቃቸውን አሻሽለው ብሔራዊ ወለላቸውንም ከፍ ማድረጋቸው ነው።

አሁን ወደ 400 ብሩ። ያ 3 ዶላር የባንክ ዶላር አይደለም። በ2021 አሜሪካ ውስጥ 3 ዶላር ይገዛ የነበረውን ያህል ዕቃ እዚህ ለመግዛት ስንት ብር ያስፈልጋል ከሚል ስሌት የወጣ፣ በመግዛት አቅም የተመነዘረ ዶላር ነው። ፀጉር መቆረጥ፣ የቤት ኪራይ፣ የታክሲ ሒሳብ፣ ሽሮ፣ እነዚህ ሁሉ እዚህ በባንክ ምንዛሬ ሲታዩ ከአሜሪካ እጅግ ርካሽ ስለሆኑ፣ በመግዛት አቅም የሚመነዘረው አንድ ዶላር ብዙ ብር አይጠይቅም።

ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኛ ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ ትክክለኞቹን ከባንኩ ሰንጠረዥ ይውሰዱ። የ2021 የመግዛት አቅም ምጣኔ ለአንድ ዶላር 15 ብር ነው እንበል። 3 ሲባዛ በ15፣ 45 ብር በ2021 ዋጋ። ከ2021 እስከ ዳሰሳው ወር ድረስ የሸማቾች ዋጋ በእጥፍ ጨምሯል እንበል፤ 45 ሲባዛ በ2፣ 90 ብር። አምስት ሰው ላለበት ቤት በቀን 450 ብር፣ በወር (30.4 ቀን) 13,680 ብር። ፍጆታው ከዚህ በታች የሆነ ቤተሰብ፣ ሕፃኑም አዛውንቱም እያንዳንዳቸው፣ ከወለል በታች ይቆጠራሉ። እርስዎ ካሰቡት 400 ብር ጋር በብዙ እንደሚራራቅ ልብ ይበሉ።

ሦስት ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው፣ የሚለካው ገቢ ሳይሆን ፍጆታ መሆኑ ነው። ከማሳ የገባው ጤፍ፣ ከጓሮ የተቀነጠሰው ጎመን፣ ከዘመድ የመጣው ቅቤ በገበያ ዋጋ ተተምኖ ይደመራል። ደመወዝ ብቻ ቆጥሮ «ግማሹ ሕዝብ ድሃ ነው» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ሁለተኛው፣ ብሔራዊውን ወለል ከዓለም አቀፉ ጋር ማምታታት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ወለል በ2015/16 ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በቀን ሲመታ 20 ብር እንኳ አይሞላም። መነሻው በቀን 2,200 ኪሎካሎሪ የሚያስገኝ ምግብና በላዩ የሚታከል ሌላ ወጪ ሲሆን፣ ሕፃንና አዋቂን እኩል አይቆጥርም። በዚያ ወለል ከድህነት በታች የነበረው ሕዝብ 23.5 በመቶ ሲሆን በ1995/96 ግን 45.5 በመቶ ነበር። ይህን ቁጥር ባንኩ በዓለም አቀፉ ወለል ካወጣው ጎን አስቀምጦ «አንዱ ዋሽቷል» ማለት ኪሎን በሜትር እንደመክሰስ ነው።

ሦስተኛው የመጠይቁ አወራረድ ነው፤ ብዙም የማይወራለት እሱ ነው። ሕንድን ይመልከቱ። በ3 ዶላር ወለል የከፋ ድህነቷ በ2011/12 ከነበረበት 27.1 በመቶ በ2022/23 ወደ 5.3 በመቶ ወረደ። መውረዱ እውነት ነው፤ ግን በመካከሉ መጠይቁ ተለውጧል። በፊት የዋለው «ባለፉት 30 ቀናት ምን ያህል ገዛችሁ?» የሚለው አንድ ወጥ ጥያቄ ነበር። በአዲሱ አትክልት፣ ሥጋና ዘይት ባለፉት 7 ቀናት፣ ልብስና ትምህርት ባለፉት 365 ቀናት ይጠየቃል። ሰው የሳምንቱን ሽንኩርት ከወሩ ይልቅ አጥርቶ ስለሚያስታውስ የሚመዘገበው ፍጆታ ከፍ ይላል፣ ድህነቱም በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሁለት ዳሰሳ ከማነጻጸርዎ በፊት የሁለቱን መጠይቅ የምግብ ገጽ ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ለማስተርስ ጽሑፌ የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ (ዲኤችኤስ) እየተጠቀምኩ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የመቀንጨር መጠን ሳሰላ ሪፖርቱ ካወጣው 38 በመቶ ጋር አልገጥም አለኝ። ይባስ ብሎ ከዝናብ ዳታ ጋር ላጣምረው ስል ሕፃናቱ ከ2003 እስከ 2008 ተወለዱ ይላል። አማካሪዬ «ዳታው ችግር አለበት» አሉኝ። (ተማሪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ዳታው ችግር የለበትም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለተጻፈ ነው። አብዛኞቹ ሀገሮች ዳሰሳቸውን በአውሮፓውያን ቀን ሲመዘግቡ የእኛ በራሳችን ዘመን ነው የተመዘገበው። ሕፃናቱ የተወለዱት ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም. ነው፤ ልክ ነው።

ዲኤችኤስ ቀንን በአንድ ቁጥር ይጽፋል፦ ከ1900 ጀምሮ ያለፉ ወራት ብዛት። ጥር 2008 ዓ.ም. ከሆነ 108 ሲባዛ በ12፣ ሲደመር 5፣ 1301 ይሆናል። ይህን ወደ አውሮፓውያን ለማምጣት 92 ይደምሩ (7 ዓመት ከ8 ወር ማለት ነው)፤ 1393። እሱን መልሰው ሲፈቱት ጃንዋሪ 2016 ይወጣል። የመስክ ሥራው የተጀመረው ጃንዋሪ 18 ቀን 2016 ነበርና ይገጥማል። እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ሁልጊዜ ይሥሩ፦ ከቀየሩ በኋላ የቃለ መጠይቁ ወራት ከጃንዋሪ እስከ ጁን 2016 ውስጥ ካልወደቁ የሆነ ነገር ስቷል።

ሁለት ጥንቃቄ እንጨምር። የሕፃኑን ዕድሜ የሚያሰሉት ከቃለ መጠይቁ ወር የልደቱን ወር ቀንሰው ከሆነ 92ቱ አያስፈልግም፤ ሁለቱም በአንድ አቆጣጠር ስለሆኑ ልዩነቱ አይነካም። አደጋው አንዱን ቀይሮ ሌላውን መርሳት ነው፤ ያኔ የ92 ወር ስሕተት ይገባል። ሌላው፣ የእኛ ወር ከአውሮፓውያኑ ጋር ቀን በቀን አይገጥምም። ጥር የሚገባው ጃንዋሪ 9 ወይም 10 ገደማ ስለሆነ፣ በ92 የተቀየረው «ጃንዋሪ» እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ይዘልቃል። የዝናብ ዳታዎ ዕለታዊ ከሆነ ቢያንስ የክረምቱን ወራት ከአውሮፓውያኑ ወር ይልቅ በእኛው ወር ጠርዝ ደምሩት፤ የሐምሌ ዝናብ ሲሸራረፍ ውጤቱ ይደበዝዛል።

ወደ 38 በመቶው እንምጣ። የማይገጥመው ከአራት ምክንያቶች በአንዱ ወይም በሁለቱ ነው።

ፋይሉ። ብዙ ተማሪ የሕፃናትን ፋይል ይከፍታል። እዚያ ያሉት እናታቸው ቃለ መጠይቅ የተደረገላት ልጆች ብቻ ናቸው። ሪፖርቱ ግን የተሠራው ከቤተሰብ አባላት ፋይል ነው፤ እናቱ የሞተችበት ወይም እናቱ ሌላ ቦታ የምትኖርበት ልጅም ይገባል።

ማን ይቆጠራል። ከቃለ መጠይቁ በፊት ባለው ሌሊት እዚያ ቤት ያደሩ ልጆች ብቻ (በፋይሉ ኤችቪ103 የሚባለው አምድ 1 የሆነላቸው)።

ባዶ ቦታው። የቁመት ለዕድሜ ነጥብ (ኤችሲ70) በ100 ተባዝቶ ስለተቀመጠ የመቀንጨር ወሰኑ «ከሲቀነስ 2 በታች» እዚህ ከሲቀነስ 200 በታች ማለት ነው። ከ9996 ጀምሮ ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ነጥብ አይደሉም፤ «አልተለካም»፣ «ከገደብ ውጭ ነው» የሚሉ ምልክቶች ናቸው። እነሱን ሳያወጡ ቢያሰሉ ያልተለካው ልጅ ሁሉ «ያልቀነጨረ» ተብሎ በአካፋዩ ላይ ይገባል፤ መጠኑም ያለ ጥፋቱ ይወርዳል።

ክብደቱ፣ ማለትም የልጁ ኪሎ ሳይሆን እያንዳንዱ የተጠየቀ ቤተሰብ ምን ያህል ሕዝብ እንደሚወክል የሚያሳየው ቁጥር። በእኛ ግምት የእርስዎ ችግር እዚህ ላይ ነው። ናሙናው ለየክልሉ አስተማማኝ ቁጥር እንዲሰጥ ሲባል ከሐረሪ፣ ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ የተወሰደው ቤተሰብ ከሕዝባቸው ድርሻ እጅግ ይበልጣል። ከኦሮሚያና ከአማራ የተወሰደው በአንጻሩ ያንሳል። በዚያው ዳሰሳ መቀንጨር በአማራ 46፣ በጋምቤላ 24፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ ነው። ያለ ክብደት ሲያሰሉ ትንንሾቹ ትልልቆቹን ይጎትቷቸዋል። ኤችቪ005ን ለ1,000,000 አካፍለው ክብደት አድርገው ይጠቀሙ። ስታታም ይሁን አር፣ ለሶፍትዌሩ የናሙናውን ንድፍ ጭምር ይንገሩት፦ ክላስተሩን (645 የቆጠራ ቦታዎች ነበር የተመረጡት) እና 21ዱን ምድቦች፣ ማለትም እያንዳንዱ ክልል ገጠርና ከተማ ተብሎ ሲከፈል፣ አዲስ አበባ ከተማ ብቻ ስለሆነች አንድ። ክብደቱን አስገብተው ንድፉን ቢተዉ መጠኑ ትክክል ይመጣል፤ የእርግጠኝነት ክልሉ ግን ከሚገባው ጠብቦ ይወጣና የሌለ ልዩነት «ጉልህ ነው» ብለው ይጽፋሉ።

አራቱንም አስተካክለው 38.4 ካገኙ ወደ ሪግሬሽኑ ይሂዱ። ካላገኙ አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ሬስቶራንት ውስጥ ነው የምሠራው። ሚኒመም ዌጅ (ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ) በጨመረ ቁጥር ባለቤቱ «ሰው ልቀንስ ነው» ይላል። ኢኮኖሚስቶች ይህን እንዴት ያረጋግጣሉ? ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ካለው ጋር ማነጻጸር አይበቃም? (አንባቢ፣ ዲሲ)

መልስ፦ ያነሡት ሐሳብ በዚህ ጉዳይ ላይ ከታወቀው ጥናት ጋር አንድ ነው። ኒው ጀርሲ ኤፕሪል 1 ቀን 1992 የሰዓት ክፍያ ወለሏን ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር አሳደገች፤ ጎረቤቷ ፔንሲልቬኒያ በ4.25 ቆየች። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠየቁ። ሙሉ ቀን የሚሠራ አንድ፣ ግማሽ ቀን የሚሠራ ግማሽ ተብሎ ሲቆጠር በኒው ጀርሲ በአንድ ቤት በአማካይ 20.44 ሠራተኛ የነበረው 21.03 ሆነ። በፔንሲልቬኒያ ከ23.33 ወደ 21.17 ወረደ። የመጀመሪያው ለውጥ ሲደመር 0.59፣ የሁለተኛው ሲቀነስ 2.16፤ ልዩነቱ 2.75 ያህል ነው። ጭማሪው ሥራ አጠፋ የሚለው ግምት ከዚህ አልወጣም። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ፤ ክሩገር ግን በ2019 አርፏል።

አሁን ያችን 2.75 ቀረብ ብለው ያጢኗት። አብዛኛው ክፍሏ የመጣው ኒው ጀርሲ ስለጨመረች ሳይሆን ፔንሲልቬኒያ ስለቀነሰች ነው። ሙሉው ድምዳሜ የተንጠለጠለው «ሕጉ ባይወጣ ኖሮ ኒው ጀርሲም እንደ ፔንሲልቬኒያ ትወርድ ነበር» በሚለው ግምት ላይ ነው። ትችቱም የተነሣው ከዚሁ ዙሪያ ነው። ዴቪድ ኒውማርክና ዊሊያም ዋሸር በስልክ ከተጠየቀ ይልቅ የደመወዝ መዝገብ ተጠቅመው ሥራ ቀንሷል የሚል ውጤት አወጡ። ካርድና ክሩገር በመንግሥት የሥራ መዝገብ መልሰው ሲያዩት ለውጡ ለዜሮ የቀረበ ሆኖ አገኙት። በስልክ የተጠየቀ ሥራ አስኪያጅ «ስንት ሠራተኛ አለህ?» ሲባል በጭንቅላቱ ይገምታል፤ የቁጥሩ መዋዠቅ ከዚያ ነው።

ዲሲና ቨርጂኒያን ቢያነጻጽሩ፣ በጁላይ 2025 የዲሲ ወለል 17.95 ዶላር ነበር፤ የቨርጂኒያ በዚያው ዓመት 12.41። ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ይማርካል፤ ግን ከአንድ ዓመት በፊትና በኋላ ብቻ አይውሰዱ። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየሦስት ወሩ በካውንቲ ደረጃ የሠራተኛ ቁጥር ያወጣል፤ ኮድ 722 ምግብና መጠጥ ቤቶችን ይይዛል። ከጭማሪው በፊት ቢያንስ ስምንት ሩብ ዓመት ወስደው የዲሲንና ከወንዙ ማዶ ያለችውን የአርሊንግተንን መስመር በአንድ ሥዕል ላይ ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከጭማሪው በፊት ጎን ለጎን ካልሄዱ ከዚያ በኋላ የሚያገኙት ልዩነት ምንም አይነግርዎትም። ዲሲ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ የቲፕ (ጉርሻ የሚቀበሉ) ሠራተኞች መነሻ ክፍያ ከሜይ 2023 ጀምሮ በተለየ ሕግ ሲለወጥ ስለቆየ የሁለቱ ውጤት ተደባልቋል። በዚያ ላይ አንድ ሰው አሌክሳንድሪያ አድሮ ዲሲ ይሠራል። ክፍያው ዲሲ ሲጨምር ጎበዙ አስተናጋጅ ወንዙን ከተሻገረ ቨርጂኒያ ራሷ ተነክታለችና «ያልተነካች ማነጻጸሪያ» አትባልም። ራቅ ያለ ካውንቲ፣ ለምሳሌ ሪችመንድ ዙሪያ፣ ጨምሮ ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ ማየት ይህን ይፈትናል።

ባለቤቱ የሚለውን በተመለከተ፣ አንድ ቤት ሰው መቀነሱ በከተማው ሥራ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ የተቀነሰው ሰው ሁለት ብሎክ አልፎ ተቀጥሮ ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረው የከተማው ድምር ነው።

ጥያቄ፦ በዶላር የተሰላውን የኢትዮጵያ የነፍስ ወከፍ ምርት ሳይ ከብሩ መንሳፈፍ በኋላ አሽቆልቁሏል። መንግሥት ደግሞ አደግን ይላል። የቱን ልመን? (አንባቢ፣ ሪያድ)

መልስ፦ በዶላር የተሰላውን ለዕድገት አይጠቀሙበት። አንድ ሰው በዓመት የ100,000 ብር ምርት ያመርታል እንበል። ብሩ ጁላይ 29 ቀን 2024 ከመንሳፈፉ በፊት በነበረው በ57 ብር ምንዛሬ 1,754 ዶላር ነው፤ በ115 ብር ደግሞ 870። ያመረተው ጤፍ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። ዕድገት የሚነበበው በቋሚ ዋጋ፣ በብር ከተሰላው ተከታታይ ነው። ሀገርን ከሀገር ለማነጻጸር በመግዛት አቅም የተስተካከለውን ይውሰዱ። በዶላር ያለው ለውጭ ዕዳና ለገቢ ዕቃ አቅም ይጠቅማል፤ እዚያ ላይ ግን በእርግጥ ተዳክመናል።

የተገላቢጦሹም አለ። ናይጄሪያ ኤፕሪል 2014 የስሌቷን መነሻ ዓመት ከ1990 ወደ 2010 ስታዛውር የ2013 ምርቷ በአንድ መግለጫ 89 በመቶ ጨምሮ ወደ 510 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ደቡብ አፍሪካንም ቀደመች። የሞባይልና የፊልም ዘርፎች በአሮጌው መዝገብ እንደ ኢምንት ስለተቆጠሩ ነው።

«ነፍስ ወከፍ» ሲባል ተካፋዩን ብቻ ሳይሆን አካፋዩንም ይጠርጥሩ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራችን የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 73.75 ሚሊዮን ነበርን። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ስለሆነ፣ ሁለት ተቋማት የተለያየ የሕዝብ ትንበያ ይዘው የተለያየ ነፍስ ወከፍ ቢያወጡ አይደነቁ።

ጥያቄ፦ ቢሯችን ሁሉን ነገር በኤክሴል ነው የሚሠራው። አለቃችን «ስታታ የሚባል ነገር አያስፈልግም» ይላሉ። ኤክሴል ለፖሊሲ ሪፖርት ይታመናል? (ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥንቃቄ ካለ ይታመናል። ካለ ጥንቃቄ ምን እንደሚሆን ለማየት የ2010ሩን የኢኮኖሚስቶቹን የካርመን ራይንሃርትና የኬነት ሮጎፍ ጽሑፍ ማስታወስ በቂ ነው። የመንግሥት ዕዳ ከምርቱ 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት በአማካይ ወደ ሲቀነስ 0.1 በመቶ ይወርዳል ይል ነበር፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ወጪ ይቀነስ የሚሉ ፖለቲከኞች በሰፊው ጠቀሱት። በ2013 ቶማስ ሄርንዶን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመምህራኑ ማይክል አሽና ሮበርት ፖሊን ጋር ፋይሉን ሲከፍት፣ አማካዩን የሚያሰላው ሴል ከረድፍ 30 እስከ 49 መያዝ ሲገባው 44 ላይ ቆሞ አገኘው። አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ ወጥተዋል። የተስተካከለው አማካይ ሲደመር 2.2 በመቶ ሆነ።

ወሬው ሁሉ ኤክሴሉን ያዘ እንጂ ከልዩነቱ የእሱ ድርሻ 0.3 ነጥብ ብቻ ነው። ዋናው ክብደት አሰጣጡና የተዘለሉ ዓመታት ነበሩ። ኒው ዚላንድ ከ90 በመቶ በላይ ሆና የተቆጠረላት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ 1951፣ ዕድገቷ ሲቀነስ 7.6። ያች አንድ ዓመት ከብሪታንያ 19 ዓመታት ጋር እኩል ድምፅ ተሰጣት። ይህን ሶፍትዌር መቀየር አያድነውም።

ኤክሴሉን ግን እንዲህ ያስሩት። የመጣው ዳታ በራሱ ገጽ ላይ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ስሌት እዚያ አይነካካ። ከእያንዳንዱ አማካይ ጎን የሚቆጥር ሴል ያስቀምጡ። ሃያ ሀገር ሲጠበቅ 15 ቢል ኖሮ ያ ጽሑፍ እዚያው ይታረም ነበር። ባዶና ዜሮ አይቀላቀሉ፤ «ሪፖርት አልደረሰንም» የሚለው ወረዳ ዜሮ ከተጻፈበት አማካዩን ያወርደዋል። የወረዳ ኮድ በ0 የሚጀምር ከሆነ አምዱን አስቀድመው እንደ ጽሑፍ ይመድቡት፤ አለዚያ ኤክሴል ፊተኛዋን 0 ይበላና ሁለት ሰንጠረዥ ሲያጣምሩ የዚያ ክልል ወረዳዎች ሁሉ ይጠፋሉ። ካጣመሩ በኋላ የረድፍ ብዛት ይቁጠሩ። አለቃዎ ይህን ከፈቀዱ ስታታው ይቆይ።

ጥያቄ፦ ድርጅታችን በ10 ቀበሌ ፕሮጀክት ጀምሯል፤ ሌላ 10 ቀበሌ ለማነጻጸሪያ ይዘናል። ከየቀበሌው 20 ቤተሰብ፣ በድምሩ 400 ልንጠይቅ ነው። ይበቃል? ካልበቃ ቤተሰቡን 800 እናድርገው? (የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ አይበቃም፤ 800 ማድረጉም ብዙ አይረዳም። ንጹሕ ውኃ የሚጠጣውን ከ50 ወደ 60 በመቶ አሳድገን በ80 በመቶ ዕድል እንየው ካላችሁ፣ ሰዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ ቢመረጡ በየወገኑ 384 ቤተሰብ ይበቃ ነበር። ግን አንድ ቀበሌ ያሉ ቤተሰቦች አንድ ምንጭ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ጤና ኬላ ስለሚጋሩ ይመሳሰላሉ። ምስስሉን 0.05 ብንለው (ለውኃ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል)፣ የሚያስፈልገው ናሙና ማባዣው 1 ሲደመር 19 (ከየቀበሌው 20 ሲቀነስ 1) ሲባዛ በ0.05፣ ማለትም 1.95 ነው። የእናንተ 200 ቤተሰብ ለዚያ ሲካፈል በየወገኑ የ103 ያህል መረጃ ብቻ ይሰጣል። በዚህ ከ50 ወደ 70 ገደማ ያልዘለለ ለውጥ አይታያችሁም።

በየቀበሌው 40 ብታደርጉ ማባዣው ወደ 2.95 ይወጣና በየወገኑ ያለው 400 ቤተሰብ የ136 ያህል ይሆናል። ያው 400 ቤተሰብ በየወገኑ ወደ 20 ቀበሌ ቢበተን ግን 205 ይደርሳል። ለ384ቱ በየወገኑ 38 ቀበሌ ያስፈልጋል፤ በየቀበሌው 20 ሳይሆን 23 ቤተሰብ መዝግቡ፣ በሁለተኛው ዙር የማይገኝ አይጠፋምና።

ከቁጥሩ የሚብሰው ግን ያልጻፉልን ነገር ነው፦ 10ሩ ቀበሌዎች እንዴት ተመረጡ? ለመኪና ስለሚቀርቡ ከሆነ፣ መንገድ ያለው ቀበሌ ያለ ፕሮጀክቱም ይሻሻል ነበር። ሜክሲኮ በ1997 ፕሮግሬሳ የተባለውን ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ስትጀምር 506 መንደሮች ለግምገማው ተለይተው 320ው ቀድመው እንዲገቡ፣ 186ቱ ወረፋ እንዲጠብቁ በዕጣ ተለዩ። በጀቱ ሁሉን በአንድ ጊዜ ስለማያዳርስ ወረፋው ለማነጻጸሪያነት አገለገለ፤ ማንም ለዘላለም አልተከለከለም። የእናንተም ሁለተኛ ዙር በጀት ካለው፣ ብቁ የሆኑትን ቀበሌዎች ስም ጽፋችሁ የቀበሌ ሊቀ መናብርቱ ባሉበት ዕጣ አውጡ። የዕጣውን ቃለ ጉባኤና የስም ዝርዝሩን ፋይል አድርጉ፤ የመነሻ ዳሰሳውን ግን ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ጨርሱ። እንደሚገባ ያወቀ ቤተሰብ መልሱ ይለወጣል።